ለጣሪያው እሺ፣ ለአስተማሪው እንጃ

ካሊፎርኒያ ውስጥ ምርጫ ሲደርስ በፖስታ አንድ ወፍራም መጽሔት ይመጣል። ፕሬዚዳንቱ፣ ሴናተሩና ከንቲባው ፊት ፊት ላይ ናቸው። ወደ ኋላ ሲገለጥ ሜዠር ኢ፣ ሜዠር ጂ፣ ሜዠር ኤች እየተባሉ የተደረደሩ ጥያቄዎች አሉ። አብዛኛው ሰው እዛ ጋ ሲደርስ ደክሞታል። ወይ ዝም ብሎ «አዎ» ይላል፣ ወይ ታክስ የሚል ቃል ሲያይ «አይ» ይላል፣ ወይ ባዶውን ይተወዋል።

እኔ ከኋላ ነው የምጀምረው። ፕሬዚዳንት ማን እንደሚሆን የኔ ድምፅ እዚህ ስቴት ውስጥ ያን ያህል አይለውጠውም። ሰፈሬ ያለው ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ (የሁለት ዓመት የሕዝብ ኮሌጅ) ይታደስ አይታደስ የሚለው ግን የኔ ዓይነት ሰዎች የሚወስኑት ነገር ነው። ደግሞ የኮሌጁ ነገር ሩቅ ሆኖብኝ አያውቅም። እኔም ባለቤቴም በዛ በር ነው ያለፍነው።

ከሀገር ቤት የመጣ ሰው ታሪኩ ብዙ ጊዜ ተመሳሳይ ነው። ዲግሪውን በላስቲክ ጠቅልሎ ሻንጣ ውስጥ ይዞ ይመጣል። እዚህ ሲደርስ ዲግሪው ግድግዳ ላይ ከመሰቀል ያለፈ ጥቅም አይሰጥም። ቀን ፓርኪንግ ወይም ሱቅ ይሠራል፣ ማታ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ገብቶ ከእንግሊዝኛ ይጀምራል። ከዛ ነርሲንግ፣ አካውንቲንግ፣ ኮምፒውተር። ካሊፎርኒያ 116 እንዲህ ዓይነት ኮሌጆች አሏት፣ በ73 ዲስትሪክቶች፣ ማለትም በአካባቢ የኮሌጅ አስተዳደሮች፣ ሥር የተደራጁ። የስቴቱ ነዋሪ የሆነ ተማሪ ለአንድ ክሬዲት የሚከፍለው 46 ዶላር ነው። ከ2012 ጀምሮ ዋጋው አልተነካም። በዚህ አገር እንዲህ ርካሽ ሆኖ የቆየ ሌላ ነገር ካለ ንገሩኝ።

እኔ የተማርኩበትን ኮሌጅ ስሙን ልተወው። የማታ ኬሚስትሪ ነበረን። ዝናብ በዘነበ ቁጥር በሁለተኛውና በሦስተኛው ረድፍ መሐል ቢጫ ባልዲ ይቀመጣል። ጠብ፣ ጠብ ይላል። አስተማሪያችን ባልዲውን ዞረው ወደ ሰሌዳው ይሄዳሉ፣ ዞረው ይመለሳሉ። ጢሱን ወደ ውጭ የሚስበው ማሽን መስታወቱ ላይ «አይሠራም» የሚል ወረቀት ተለጥፎበታል። ወረቀቱ ራሱ አርጅቶ ጠርዙ ተጠቅልሏል። ስለዚህ ጢስ ያለው ሙከራ ሲሆን እሳቸው ከፊት ይሠሩታል፣ እኛ በሩ ተከፍቶ ከሩቅ እናያለን።

ስለ አስተማሪያችንም ልጨምር፣ ኋላ ይጠቅመኛል። ጎበዝ ሰው ነበሩ። ግን ቋሚ አልነበሩም። በሦስት ኮሌጆች በሰዓት እየተከፈላቸው ያስተምራሉ። ከትምህርት በኋላ ጥያቄ ያለው ሰው የሚያገኛቸው መኪና ማቆሚያው ላይ፣ የመኪናቸውን ሻንጣ ከፍተው ወረቀት ሲያደራጁ ነው። ቢሯቸው እሱ ነበር። ካሊፎርኒያ ውስጥ በዚህ ዓይነት ከፍሪዌይ ፍሪዌይ እየተሯሯጠ የሚያስተምር ሰው ቁጥር ስፍር የለውም።

እንግዲህ ባልዲውን ማን ያንሳው? ስቴቱ ለማስተማሪያ በጀት ይሰጣል። ሕንፃው ላይ ግን እጁ አጭር ነው። በኖቬምበር 2024 ያለፈው ፕሮፖዚሽን 2 (ፕሮፖዚሽን ማለት ስቴቱ በሙሉ ድምፅ የሚሰጥበት ጥያቄ ነው) የሚባለው የስቴት ቦንድ 10 ቢሊዮን ዶላር ነበር። ከዛ ውስጥ ለኮሚዩኒቲ ኮሌጆች የደረሰው 1.5 ቢሊዮን ነው። ለ116 ኮሌጆች ሲካፈል ብዙ አይባልም። የቀረውን ዲስትሪክቱ ራሱ ከአካባቢው ነዋሪ መለመን አለበት። ልመናው ደግሞ በድምፅ ነው።

ቦንድ ሲባል የኛ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው የሕዳሴውን ግድብ ነው። እዛ አበዳሪዎቹ እኛ ነበርን። ገንዘባችንን ሰጥተን ወረቀቱን ወሰድን። እዚህ ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። ወረቀቱን የሚገዙት ሌላ ቦታ ያሉ ባለገንዘቦች ናቸው። እኛ «አዎ» ስንል የምንስማማው ዕዳውን ከነወለዱ፣ ለብዙ ዓመት፣ ከቤታችን ግብር ላይ ለመክፈል ነው።

ይሄ እንዲሆን ድሮ ከመራጩ ሁለት ሦስተኛው መስማማት ነበረበት። በ1978 ፕሮፖዚሽን 13 የተባለው ዝነኛ ሕግ የንብረት ግብርን ቆለፈው። ለአካባቢ ቦንድ ሲባል ግብር መጨመርም ቀረ። በ1986 በሩ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ተመልሶ ተከፈተ። ሁለት ሦስተኛ ማለት ግን ቀላል አይደለም። ስንት ሰፈር 64 ከመቶ አዎ ብሎ ተሸነፈ። በመጨረሻ በኖቬምበር 2000 ፕሮፖዚሽን 39 መጣና መስፈርቱን ለትምህርት ቤትና ለኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ሕንፃ ወደ 55 ከመቶ አወረደው። የሚገርመው ፕሮፖዚሽን 39 ራሱ ያለፈው በ53 ከመቶ ገደማ ነው። ራሱ ባወጣው መስፈርት ቢለካ ይወድቅ ነበር!

ቅናሹ ያለ ዋጋ አልመጣም። ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ከ100,000 ዶላር የንብረት ግምት ላይ በዓመት ከ25 ዶላር በላይ እጠይቃለሁ ብሎ መነሳት አይችልም። የሚሠሩት ነገሮች ዝርዝር ይቀርባል። በየዓመቱ ኦዲት አለ። የነዋሪዎች ተቆጣጣሪ ኮሚቴ መቋቋም አለበት። አንድ ደግሞ አለ፣ ለኔ ዋናው እሱ ነው። ገንዘቡ ለሕንፃ እንጂ ለደመወዝ አይሆንም። ለአስተዳዳሪም፣ ለአስተማሪም።

እንዲህ ዓይነት ቦንድ ለድምፅ ከመቅረቡ በፊት መራጩ በስልክ ይጠናል። አሁን ወደ ስልኩ ልምጣ።

ቤት ከገዛንና ጥቂት ምርጫ ላይ ድምፅ ከሰጠን በኋላ ነው ስልኩ መደወል የጀመረው። አንዷ ሴትዮ ማታ ደወለች። «የምሸጥልህ ነገር የለም፣ ስለ አካባቢህ ጉዳዮች አስተያየትህን ነው» አለች። ራት ሊቀርብ ነበር። ባለቤቴ «ዝጋው» የሚል ምልክት አሳየችኝ። እኔ ግን ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።

መጀመሪያ የመጣው ጥያቄ ሰፊ ነው። በአካባቢህ ነገሮች ወደ ጥሩ እየሄዱ ነው ወይስ ወደ መጥፎ? ስለ ኮሌጁ ያለህ አመለካከት ጥሩ ነው ወይስ አይደለም? ከዛ በአንድ ትንፋሽ አንድ ረጅም ዓረፍተ ነገር አነበበችልኝ። ክፍሎችን ለማደስ፣ የሚያፈሱ ጣሪያዎችን ለመጠገን፣ ነርሶችንና የእሳት አደጋ ሠራተኞችን ለማሰልጠን፣ በነዋሪዎች ቁጥጥር፣ ገንዘቡ ወደ ስቴቱ ዋና ከተማ ሳክራሜንቶ ሳይሄድ እዚሁ ቀርቶ... ምርጫው ዛሬ ቢሆን አዎ ትላለህ ወይስ አይ? በእርግጠኝነት ነው ወይስ በጥቂቱ?

ቀጥሎ ዋጋው መጣ። ከ100,000 ዶላር ግምት 25 ዶላር ቢሆንስ? እሺ፣ 19 ቢሆንስ? 14 ቢሆንስ? ከላይ ጀምራ ወደ ታች ወረደች። ከዛ የሥራዎቹ ዝርዝር። ጣሪያ፣ የሳይንስ ላቦራቶሪ፣ ከጦር ሠራዊት ለተመለሱ ሰዎች ማዕከል፣ የጋዝና የኤሌክትሪክ መስመር፣ የስፖርት ሜዳ፣ የአስተዳደር ቢሮ። ለእያንዳንዱ «በጣም አስፈላጊ፣ አስፈላጊ፣ አያስፈልግም» በል ተባልኩ። ከዛ የደጋፊዎች ክርክር፣ የተቃዋሚዎች ክርክር። መጨረሻ ላይ ያንኑ ረጅም ዓረፍተ ነገር ደግማ አነበበችና፣ አሁን ይሄን ሁሉ ከሰማህ በኋላስ፣ አለችኝ። ራቱ በረደ።

እየቆየሁ ነው ነገሩ የገባኝ። የመጀመሪያው መልስ ምንም ያልሰማ መራጭ የት እንዳለ ያሳያል። የሁለተኛው መልስ ቅስቀሳ ቢደረግ ምን ያህል እንደሚያንቀሳቅሰው ያሳያል። መሐል ያለው ደግሞ የትኛው ቃል እንደሚያንቀሳቅስ ነው። ዲስትሪክቱ ይሄን ለማጥናት የራሱን በጀት መጠቀም ይችላል። መቀስቀስ ግን አይችልም። የካሊፎርኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1976 ስታንሰን የተባለ ሰው ሞት (Mott) በተባለ የስቴቱ ባለሥልጣን ላይ ባቀረበው ክስ የሕዝብ ገንዘብ ለአንድ ወገን ቅስቀሳ እንዳይውል መስመር አስምሯል። ስለዚህ ኮሌጁ ይጠይቃል፣ ያሳውቃል፣ እዛ ላይ ያቆማል። ቅስቀሳውን ሌላ ኮሚቴ ያካሂደዋል። የዛ ኮሚቴ ገንዘብ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከሕንፃ ተቋራጮች፣ ከአርክቴክቶችና ከሠራተኛ ማህበራት ነው። ማለትም ሜዠሩ ካለፈ ሥራ ከሚያገኙት። ሕገወጥ አይደለም። ማወቁ ግን አይጎዳም።

የጥናቱ ውጤት ለቦርዱ በግልጽ ስብሰባ ይቀርባል። ማንም ገብቶ ማየት ይችላል፣ እኔም ገብቼ አይቻለሁ። አዳራሹ ውስጥ የነበርነው በጣት የምንቆጠር ሰዎች ነን። አጥኚው ግራፉን ያሳያል። የቦርዱ አባላት የሚጠብቁት አንድ ቁጥር ነው። 55ን ይዘላል ወይስ አይዘልም?

ቁጥሩ ግን እንደሚመስለው ጠንካራ አይደለም። 600 ሰው ከተጠየቀ ውጤቱ ወደ 4 ነጥብ ከፍ ወይም ዝቅ ሊል ይችላል። 58 ከመቶ የተባለው 54 ሊሆን ይችላል ማለት ነው። 54 ደግሞ ሽንፈት ነው። «አልወሰንኩም» የሚለውን ሰውም አጥኚዎች በጥርጣሬ ነው የሚያዩት። ታክስ ላይ ያልወሰነ ሰው መጨረሻው ብዙ ጊዜ «አይ» ነው ብለው ይቆጥሩታል።

ይሄን ለመረዳት እኛ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። ቤተክርስቲያን ሕንፃ ለመግዛት ገንዘብ የተሰበሰበበት ምሽት ላይ የተገኘ ሰው ያውቀዋል። መድረክ መሪው «አምስት ሺህ ማነው?» ይላል፣ እጅ ይወጣል፣ እልልታው ይቀልጣል። ገንዘብ ያዡ ደግሞ በሚቀጥለው ወር ስልክ ይዞ ይቀመጣል። አንዱ ሥራ ቀይሯል፣ አንዱ ስልኩን አያነሳም። ልምድ ያለው ሰበካ ጉባኤ ባንክ ሲሄድ በእልልታው ልክ አይበደርም። ጥሩ አጥኚም እንደዛው ነው። 55ን ለማለፍ ጥናቱ ላይ ከ60 በላይ ማየት ይፈልጋል።

እዚህ ድረስ ቅሬታ የለኝም። ሕዝብን ሳይጠይቁ ከመወሰን መጠየቅ ይሻላል። እኛ ሳንጠየቅ ከሚወሰንበት አገር ስለመጣን እንዲህ ዓይነት ስልክ ሲደወል ደስ ይለኛል፣ እውነቴን ነው። የሚቆረቁረኝ ሌላ ነገር ነው። ጥናቱ ሐሳባችንን ለክቶ ብቻ አያቆምም፣ ኮሌጁ ምን እንደሚሆንም ይወስናል።

አካሄዱን እዩት። ዲስትሪክቱ መሐንዲስ አስጠርቶ ምን ምን እንደተበላሸ አስጠንቷል እንበል። ጠቅላላው የሚያስፈልገው ገንዘብ በወረቀት ላይ አለ። ድምፅ መስጫው ላይ የሚወጣው ቁጥር ግን ከዛ ወረቀት የተቀዳ አይደለም። መራጩ ከ100,000 ዶላር ስንት ይችላል ተብሎ ይጠየቃል። 25 ሲባል ፊቱ ከጠቆረ፣ 19 ሲባል ከፈታ፣ 19 ይወሰዳል። ያ በዲስትሪክቱ ንብረት ግምት ይባዛና የቦንዱ መጠን ይወጣል። ከመራጩ ትዕግሥት ተነስቶ ወደ ጣሪያው ነው የሚመጣው። ሀብታም ቤቶች ያሉበት ዲስትሪክት ከ19 ዶላር ብዙ ያገኛል። ደሃው ዲስትሪክት ከዚያው 19 ዶላር ትንሽ ያገኛል፣ የሚያፈሰው ጣሪያ ግን ያው ነው።

ዝርዝሩም እንዲሁ ነው። ድምፅ መስጫው ላይ የሚታተመው ጥያቄ ከ75 ቃል መብለጥ አይችልም። ከ2018 ጀምሮ ደግሞ የግብሩ መጠን፣ በዓመት የሚሰበሰበው ገንዘብና ለስንት ጊዜ እንደሚቆይ እዛው ውስጥ መጻፍ አለበት። ለማባበያ የሚቀረው ቃል ጥቂት ነው። ስለዚህ ከጥናቱ ጥሩ ነጥብ ያገኘው ብቻ ይገባል። ነርስ፣ እሳት አደጋ፣ ጣሪያ፣ ደህንነት። በየትኛውም ዲስትሪክት የቀረበውን አንብቡ፣ ከቦታው ስም በቀር ይመሳሰላል። የአስተዳደር ቢሮ የሚባል ነገር አታዩም። ቢሮ የሌለው ኮሌጅ ስለሌለ የሆነ ቦታ ላይ ይሠራል። ግን «ዘመናዊ የተማሪ አገልግሎት ማዕከል» ተብሎ ነው።

የዚህ ሁሉ ውጤት የታየበትን አንድ ቀን ልንገራችሁ። ማርች 2020። ሲሊከን ቫሊ ውስጥ ፉትሂል–ዲአንዛ የሚባል ዲስትሪክት አለ፣ ኩፐርቲኖ አካባቢ። አፕል ያለበት ሰፈር። ዲስትሪክቱ በዛ ቀን ሁለት ጥያቄ ለሕዝብ አቀረበ። አንደኛው ሜዠር ጂ ነው፣ የ898 ሚሊዮን ዶላር ቦንድ፣ ለሕንፃ። ሁለተኛው ሜዠር ኤች ነው፣ ፓርሰል ታክስ የሚሉት፣ ከእያንዳንዱ የመሬት ይዞታ በዓመት 48 ዶላር፣ ለሥራ ማስኬጃ የሚሆን። ያው መራጭ፣ ያው ወረቀት። ቦንዱ አለፈ። የ48 ዶላሩ ወደቀ።

ሕዝቡ ሕንፃ ይወዳል፣ ሰው አይወድም ለማለት አይደለም። መለኪያው ነው የተለያየው። ሕንፃው 55 ከመቶ ይበቃዋል፣ ፓርሰል ታክሱ ግን ሁለት ሦስተኛ ይፈልጋል። ስለዚህ ከመቶ 60 ሰው ሁለቱንም ቢደግፍ ሕንፃው ይቆማል፣ አስተማሪው ግን መኪና ማቆሚያው ላይ ይቀራል። ሕጉ ራሱ ወደ ሲሚንቶ ያደላል። አጥኚው ይሄን ስለሚያውቅ ለዲስትሪክቱ የሚመክረው የሚያልፈውን ነው። እንዲህ እያለ በየሰፈሩ የሚያምር የመስታወት ሕንፃ ይሠራል። ውስጡ የሚያስተምረው ሰው ደግሞ ወደ ሦስተኛው ኮሌጅ ለመድረስ ሰዓቱን እያየ ነው።

በነገራችን ላይ በዛው ቀን የስቴቱ የ15 ቢሊዮን ዶላር የትምህርት ቤት ቦንድም ወድቋል። ቁጥሩ ምን ደርሶት ነበር መሰላችሁ? ፕሮፖዚሽን 13። ከ1978ቱ ጋር ሞክሼ። የድሮውን ሊነኩብን ነው ብለው የደነገጡ ሰዎች እንደነበሩ በወቅቱ ብዙ ተወርቷል። ምን ያህሉ በዚህ ምክንያት «አይ» እንዳለ ማንም ለክቶ አይነግራችሁም።

ባለቤቴ ይሄን ሁሉ ስነግራት ዓይኗን ታጠብባለች። ነርስ ናት። ሙያውን የተማረችው ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ነው። ግን ቦንድ ላይ «አይ» ነው የምትለው፣ ያለ ማወላወል። ምክንያቷን በወረቀት ጽፋ አሳይታኛለች።

የጎን ጎረቤታችን ሽማግሌ ሰው ናቸው። ቤታቸውን በ1980 በ50,000 ዶላር አካባቢ ነው የገዙት። በ1978ቱ ሕግ መሠረት ቤት ካልተሸጠ ለግብር የሚገመተው ዋጋ በዓመት ከ2 ከመቶ በላይ አያድግም። ስለዚህ የሳቸው ቤት ዛሬም ለግብር የሚቆጠረው 120,000 ዶላር ገደማ ነው። የኛ ቤት የሳቸው መንታ ነው፣ ያው ፕላን፣ ያው ጓሮ። እኛ ግን በቅርቡ ስለገዛን 720,000 ተብሎ ነው የሚቆጠረው። 25 ዶላር ከየ100,000 ቢጨመር እሳቸው በዓመት 30 ዶላር፣ እኛ 180 ዶላር። ለአንድ ጣሪያ ስድስት እጥፍ። «ስልክ ሲደወልላቸው በጣም እደግፋለሁ ይላሉ፣ ለምን አይደግፉ?» ትላለች። እዚህ ላይ የምመልሰው የለኝም።

ሁለተኛው ምክንያቷ ሎስ አንጀለስ ነው። የሎስ አንጀለስ ዲስትሪክት ዘጠኝ ኮሌጆች አሉት። በ2001፣ በ2003 እና በ2008 መራጩ በድምሩ 5.7 ቢሊዮን ዶላር ፈቀደለት። በ2011 ሎስ አንጀለስ ታይምስ ገንዘቡ የት እንደገባ ተከታታይ ዘገባ ሠራ። በመጥፎ ዕቅድና በደካማ ሥራ ብዙ ሚሊዮን መባከኑን አወጣው። ተቆጣጣሪ ኮሚቴ እኮ ነበረ፣ ኦዲትም ነበረ። ከዛስ? በ2016 ሌላ 3.3 ቢሊዮን ተጠየቀ፣ አለፈ። በ2022 ደግሞ 5.3 ቢሊዮን፣ እሱም አለፈ። እሷ ይሄን የመራጩ ሞኝነት ነው ትላለች። እኔ እንዲህ አላየውም። ሰው ኮሌጁን ይወዳል። ልጁ፣ እህቱ፣ ወይ ራሱ እዛ ስለተማረ ለአስተዳደሩ ጥፋት ተማሪውን መቅጣት አይፈልግም። ችግሩ ጥናቱ ያንን ፍቅር ሲለካ ዲስትሪክቱ እንደ አመኔታ መቁጠሩ ነው። ሁለቱ አንድ አይደሉም።

ስልክ የማይደወልለትም አለ። ጥናቱ የሚሠራው ከመራጮች መዝገብ ነው፣ ከዛም ውስጥ በዚህኛው ምርጫ ይወጣል ተብሎ ከሚገመተው። በቅርብ ምሎ ዜጋ የሆነ ሰው የመረጠበት ታሪክ ስለሌለው ዝርዝሩ ውስጥ የመግባት ዕድሉ አነስተኛ ነው። ግሪን ካርድ ያለው ጭራሽ የለም። አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሆናት፣ ጠዋት ክላስ ማታ ሥራ ያላት ተማሪ ብትኖርም ከማታውቀው ቁጥር የመጣ ስልክ አታነሳም። ባልዲው አጠገብ የሚቀመጡት እነሱ ናቸው። የሚጠየቀው ደግሞ ኮሌጁን ከመኪናው መስኮት የሚያየው፣ ጊዜ ያለው፣ ስልክ የሚያነሳው የቤት ባለቤት ነው። እኔን በአማርኛ ያነጋገረኝ አጥኚም የለም፤ ብዙ ዘመዶቼ ያንን የ75 ቃል ዓረፍተ ነገር በእንግሊዝኛ በስልክ ቢሰሙት በትህትና ይዘጉታል።

አጥኚዎቹ ይሄን አይክዱም። ሥራቸው ማን ይመርጣል የሚለውን መገመት ነው፣ ማን ይማራል የሚለውን አይደለም። ተማሪውን መጠየቅ ያለበት ኮሌጁ ነው። ጣሪያው ላይ ያለውን ከሕዝብ ግንኙነት ሰው ይልቅ የማታው ኬሚስትሪ ተማሪ ያውቀዋል። አንድ ዲስትሪክት ለመራጭ ጥናት ከሚከፍለው ላይ ትንሽ ቀንሶ ምሽት ላይ ክፍሎቹን እየዞረ ቢጠይቅ፣ ዝርዝሩ ላይ የጢስ ማስወጫውም ቦታ ባገኘ ነበር።

የሚቀጥለው ቦንድ ሲመጣ እኔ «አዎ» እላለሁ። ፓርሰል ታክሱም አብሮ ከመጣ እሱንም። ባለቤቴ ሁለቱንም «አይ» ትላለች። በኛ ቤት ውጤቱ 50 ከመቶ ነው፣ በፕሮፖዚሽን 39 እንኳ አያልፍም። ልጃችን ግን በቅርቡ 18 ትሞላለች። ከኔ ጋር ከወገነች ሁለት ለአንድ ነን፣ ልክ ሁለት ሦስተኛ፣ ፓርሰል ታክሱም ያልፋል። ትናንት ማታ ጠየቅኳት። ከስልኳ ቀና ሳትል «አልወሰንኩም» አለችኝ።